የተሰነጠቀው ቀንድ

አንድ ሰው ነበረ። በታላቅ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ወናፉን ተክሎ ሰንጢ የሚሠራ ባለ እጅ ነበረ። ሰንጢ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስለቱ ታጥፎ በገዛ እጀታው ውስጥ የሚተኛ ትንሽ ቢላዋ ነው። ሌላው ቢላዋ ሰገባ ይሻል፤ የሰንጢ ሰገባ ግን እጀታው ራሱ ነው። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ አልነበረም። የነጋዴዎችን ጭነት የሚያሻግሩ ዋናተኞች ነበሩ። ዋናተኛው የበቅሎዋን መሳቢያ ገመድ በወገቡ አስሮ፣ ፊት ፊት እየዋኘ ይመራታል። ጎርፍ በቅሎዋን ከወሰዳት ግን እሱንም አስከትላ ትሄዳለች። ስለዚህ የመሻገሪያው ደንብ ጥብቅ ነበር፤ ሰንጢ በአንገቱ ያላንጠለጠለ፣ ገመድ በወገቡ አያስርም። ሁለተኛም ደንብ ነበራቸው። አዲስ ሰንጢ ወደ ውሃ በሚገባበት ቀን፣ ሠሪው ራሱ ወርዶ ከዳር ቆሞ ያያል። የእጁን ሥራ ሸጦ ቤቱ መቀመጥ አይፈቀድለትም ነበር።

አንድ ቀን አንዳርጌ የሚባል ጎልማሳ ከወንድሙ ቀብር በቀጥታ ወደ ባለ እጁ መጣ። ከአንገቱ ሰንጢ አውጥቶ ከመስፉ ላይ፣ ብረት ከሚቀጠቀጥበት፣ አኖረው። እጀታው የወይራ እንጨት ነበር።

«አያ ጓንጉል፣ እስኪ ይክፈቱት» አለ።

ባለ እጁ ሥራውን አወቀ። ለአንዳርጌ ወንድም፣ ለጥጋቡ፣ የሠራለት ነበር። አውራ ጣቱን ከስለቱ ጫፍ ላይ አድርጎ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። በጥርሱ ሞከረ፤ አልሆነም። ወይራው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ስለቱን በሁለት ከንፈሩ ነክሶ ይዞታል።

«ጥጋቡን በሦስተኛው ቀን አገኘነው» አለ አንዳርጌ። «ገመዱ በወገቡ፣ በቅሎዋ በገመዱ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቅሏል።»

ባለ እጁ ከቆመበት ተቀመጠ።

«ልከስዎ አልመጣሁም። ከመስቀል በኋላ በወንድሜ ቦታ የምገባው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ የሚያድሩት በዚያ እንጀራ ነው። ሰንጢ ይሥሩልኝ።»

«ከእኔ ዘንድ? ከዚህ ሁሉ በኋላ?»

«ሌላው ባለ እጅ በሥራው ይመካል እንጂ አይፈራም። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ይፈራሉ። የሚፈራ እጅ ይሥራልኝ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ባለ እጁ የጥጋቡን ሰንጢ ከመስፉ ላይ አንሥቶ በብብቱ አኖረው። ወንዙ ከታች እየጮኸ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰማውን ድምፅ የዚያን ዕለት እንደ አዲስ ሰማው።

በማግስቱ ያለውን ሁሉ ሰበሰበ። ወይራ፣ ከቆላ የመጣ ጥቁር የዞጲ እንጨት፣ የግመል አጥንት፣ ናስ፣ አንድ የበሬ ቀንድም። እያንዳንዱን በመስፉ ላይ አኑሮ በመዶሻ ይመታው ጀመር። ወይራው ቻለ። ዞጲው መዶሻውን አንጥሮ መለሰው። አጥንቱ እንደ ደወል ጮኸ። ናሱ ግንባሩ ላይ ጥቂት ምልክት ብቻ ታየበት። ቀንዱ ግን ድምፅ እንኳ አልሰጠም፤ ዱብ አለ፣ ጎደጎደ። ባለ እጁ ንቆ ወደ ጥግ ወረወረውና አጥንቱን አነሣ።

ሚስቱ እማዋይሽ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከጭቃዋ ቀና ብላ ስታየው ቆየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?»

«ጠንካራውን እየመረጥኩ ነዋ።»

«ድፍኑን እየደበደብክ? ድፍን ሆኖማ ማን ያልጠነከረ አለ! እኔ ጭቃዬን እንዲያ ብፈትን አገሩን ሁሉ ባለ ገል አደርገው ነበር። ማሰሮ የሚታወቀው ሆዱ ተፈልፍሎ፣ ውሃ ሞልቶበት፣ እሳት ላይ ሲጣድ ነው። የአንተ ሰንጢስ ሆዱ ክፍት አይደለም?»

መዶሻው በእጁ እንዳለ ቀረ።

«ወይራውንም ድፍኑን ነበር የፈተንኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ድፍኑን፣ ደረቁን።»

«አውቃለሁ» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ለስልሷል። «እንግዲህ መጋዝህን አንሣ።»

አነሣ። እያንዳንዱን ከመካከሉ ሰንጥቆ ለስለቱ መተኛ አበጀ፤ ምስማር የሚገባበትን ቀዳዳ በሳ፤ ሁሉንም ሁለት ቀን ሙሉ በውሃ ነክሮ አወጣቸው። ወይራው እንደ ለመደው አበጠ፤ መሰንጠቂያው ጠበበ። ዞጲው በስንጥቁ ከንፈር ላይ ተሸረፈ። ያ እንደ ደወል የጮኸው አጥንት ምስማሩ ገና ሲገባበት ከቀዳዳው እስከ ጫፉ እንደ ክር በቀጭኑ ተተረተረ። ናሱ አልተሰበረም፣ አላበጠም። ነገር ግን ባለ እጁ መዳፉን ጭቃና ውሃ ቀብቶ ቢጨብጠው ሾልኮ ወደቀ። ከመሬት የወደቀ ይነሣል፤ በወንዝ መካከል ከመዳፍ የሾለከን ግን፣ በአንገት ቢንጠለጠል እንኳ፣ ማን ደግሞ ይጨብጠዋል?

የቀረው ያ የተናቀ ቀንድ ነበር።

ወገኖቼ፣ ቀንድ ሲሰነጠቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ በብራና ላይ ብራና እንደተደረበ ነው፤ በሬው በኖረበት ዘመን ሁሉ ልክ እያደገ የተነጠፈ። በውጭ ደግሞ ቀለበት አለው። ገበሬዎቻችን እንደሚሉት ሣር የጠፋበት፣ በሬው የከሳበት ክፉ ዘመን ሁሉ በቀንዱ ላይ ቀለበት ትቶ ያልፋል። ባለ እጁ ጣቱን እያስኬደ ቆጠረ፤ ሰባት ነበሩ። ሰባት የረሀብ ዘመን በመዳፉ ውስጥ ተቀምጧል።

ከውሃ የወጣው ቀንድ መሰንጠቂያው አልጠበበም፤ ከጭቃማ መዳፉም አልሾለከም። ምስማሩን አስገባ፤ ቀንዱ ያለ ድምፅ ተቀበለው። በሁለት ድንጋይ መካከል አድርጎ በጉልበቱ ተጫነው፤ ጎበጠ። «አለቀለት» አለ በልቡ። አልተሰበረም። የጎበጠውን ወስዶ በሙቅ ውሃ ነከረው። በውሃው ውስጥም፣ ማንም ሳይነካው፣ ዓይኑ እያየ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ።

ባለ እጁ ቆቡን ከራሱ ላይ አወረደ። ስንት ቀንድ ከደጁ ሲጣል አይቷል! ስንቱን ረግጦ አልፏል! ሞቶ የተቀበረ የመሰለው ነገር፣ የተፈጠረበትን መልክ ያስታውስ ነበር።

የመሻገሪያው ቀን ደረሰ። አንዳርጌ ባለ ቀንዱን ሰንጢ በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ገመዱን በወገቡ አስሮ ወደ ውሃው ገባ። ባለ እጁ በደንቡ መሠረት ከዳር ቆመ። የጥጋቡን ሰንጢ በብብቱ ይዞ ነበር።

ከወንዙ መካከል ሲደርሱ ከላይ ግንድ መጣ። በቅሎዋን ከጎኗ መታት፤ ተገለበጠች። ገመዱ ተወጠረ፤ የአንዳርጌ ራስ ከውሃው በታች ገባ። ዳር የቆመው ሕዝብ ጮኸ። ባለ እጁ ግን አልጮኸም፤ አውራ ጣቱ ብቻ በባዶ መዳፉ ላይ የሌለውን ስለት ይገፋ ነበር። ይገፋል፣ ይገፋል። ውሃው ምንም አይመልስም።

ከዚያ፣ ከታች ራቅ ብሎ፣ አንድ ራስ ብቅ አለ። አንዳርጌ ብቻውን ነበረ። በቅሎዋን ወንዙ ወስዷታል።

እየተንገዳገደ ወጣ። ከወገቡ ቁራጭ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሰንጢው ከአንገቱ ላይ ነበር፤ ታጥፏል።

«አጠፍከው እንዴ?» አለ ባለ እጁ።

«ክፍት ቢሆን ደረቴን ይወጋኝ ነበር። በጥርሴ ከፈትኩት፤ እሺ አለኝ። ከቆረጥኩ በኋላ ግባ አልኩት፤ ገባ።» በእጀታው ላይ የጥርሱ ምልክት ነበር።

ባለ እጁ የጥጋቡን ሰንጢ ከብብቱ አውጥቶ ሰጠው። አንዳርጌ በመዳፉ ይዞት ቆየ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ስንት ፀሐይ ወጥቷል፤ ወይራው ደርቋል። አውራ ጣቱን ቢያስነካው ስለቱ ያለ አንዳች ችግር ተከፈተ።

በደረቁ ምድር ላይ እንዲህ በቀላሉ ይከፈት ነበር።

እንግዲህ እናንተን እጠይቃችኋለሁ፤ ከእናንተ በፊት ራሴን ጠይቄአለሁ። በደረቅ ምድር የማይከፈት ማን አለ? ልጆቻችን ጤነኞች ሳሉ፣ ጎተራው ሙሉ ሳለ፣ እጃችን ለሰው መዘርጋቱ ምን ይደንቃል? ድፍን ሳለን ስንመታ እንደ ደወል የምንጮህ ስንቶች ነን?

ከመካከላችሁ የተሰነጠቀ እንዳለ አውቃለሁ። ሞት ሰንጥቋችኋል፤ ደዌ ሰንጥቋችኋል፤ በገዛ እጃችሁ ያጠፋችሁት ጥፋት፣ እንደዚያ ባለ እጅ፣ ሰንጥቋችኋል። «እንግዲህ ለምን እጠቅማለሁ?» ትላላችሁ። በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋችሁን አሁን አውጡት፤ ሰንጢ ስለቱን የሚያሳድረው በስንጥቁ ውስጥ ነው። ያልተሰነጠቀ እጀታ የሚያሳድረው የለውም። እጀታውም ጽኑ ከሆነ፣ ያ ስለት በከንቱ ማንንም አይወጋም፤ ወንድም ሲጣራ ብቻ ይወጣል፤ ገመዱን ቆርጦም ይመለሳል።

ክፉ ዘመናችሁን አትጠየፉት። ቀለበት ሆኖ ተቀምጧል። የጎበጣችሁትም፣ የሠራችሁ ጌታ የቀድሞ መልካችሁን እንዳልረሳው እመኑ።

ዛሬ ፀሐይ ነው፤ ሁላችንም እንከፈታለን። ወንዙ ግን ከበታቻችን ነው፤ ዝም ብላችሁ ብታደምጡ ድምፁ ይሰማችኋል።