ስለ ግራዝማች ቢተው ብርሌና ስላልተበጠሰው ነጠላ

ምእመናን ሆይ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ከኋላ ሆናችሁ የምታንሾካሽኩትም ዝም በሉ፤ ወላዲተ አምላክ ድንግል ማርያም ለአገልጋይዋ ለሸማኔው ለላእከ ማርያም፣ እሱ ሳይፈልገው፣ እንዲያውም እየጮኸ እምቢ እያለ ያደረገችለትን ተአምር ልነግራችሁ ነው፤ ረድኤቷ በተናጋሪውም በሰሚውም ላይ ይደር፤ አሜን።

ይህ ላእከ ማርያም በጎጃም አገር ከአዝዋሪ ወንዝ ወዲህ ይኖር ነበርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳያደርስ መወርወሪያ በእጁ አይነካም፤ ወር በገባ በሃያ አንድ በስሟ ዝክር ይዘክራል፤ የፍልሰታ ጾም ሲገባም ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ ስድስት የሽመና ዕቃውን ሰቅሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሱባኤ ይይዛል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደለም። ነገር ግን አልዋሻችሁም፤ ቁጡ ሰው ነበር። ሲቆጣ ዓይኑ ደም ይለብሳል፤ ስለዚህም ነገር የንስሐ አባቱ ብዙ ጊዜ ገሥጸውታል።

ከዕለታት በአንዱ የሰኔ ማርያም ዝክሩ ሲደርስ አንድ የተከበሩ መምህር በቤቱ እንደሚገኙ ሰማና በሸክላ ጠጅ ማቅረብ አፍሮ ወደ ጎረቤቱ ወደ ግራዝማች ቢተው ሄዶ ብርሌ ተዋሰ። ብርሌ በዚያ ዘመን እንደ ዛሬው በየመደብሩ የሚደረደር ዕቃ አልነበረም፤ ነጋዴ ከባሕር ማዶ የመጣውን በገለባ ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ነበርና ባለቤቱ እንደ ልጁ ይሳሳለት ነበር። ግራዝማቹም ሲሰጠው፣ «እንካ፤ ለእመቤቴ ብዬ ነው እንጂ ለአንተ ለቁጢት በጣሹ አይደለም» አለው። ላእከ ማርያምም በሸማኔነቱ የተሰነዘረውን ስድብ ዋጠና ብርሌውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እጅ ነሥቶ ወጣ።

ዝክሩም በሰላም ዋለና መምህሩ ጠጥተው መረቁ፤ ከዚያም ሕዝቡ ለጸሎት ሲነሣ አንድ ደብተራ መቋሚያውን ሲያነሣ ብርሌውን መታውና ከመደቡ ላይ ወድቆ እንክትክቱ ወጣ። ያ ደብተራ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ጣሪያ ጣሪያውን አየ! ስሙን አልጠራም፤ የቆመበትን ማሕሌት አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሰው ዕቃ ሰብሮ አፉን የሚለጉም ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያሸበሽብ ምን ይረባዋል? ላእከ ማርያም ግን «የተዋስኩት እኔ ነኝ፤ የሰበርኩትም እኔ ነኝ» አለና ስባሪውን በጨርቅ ቋጥሮ በዚያው ሰዓት ወደ ግራዝማቹ ሄደ።

ግራዝማቹም ስባሪውን አየና «የኔን ብርሌ አምጣ» አለ። «ጌታዬ፣ እተካለሁ» አለው ላእከ ማርያም፤ ከዚያም ለራሱ ልጅ ሰርግ የሸመነውን ኩታ ለነጋዴ ሰጥቶ ሌላ ብርሌ አመጣ፤ ግራዝማቹም ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላብጦ አየና «የዚህ አንገቱ አጭር ነው» ብሎ መለሰው። ላእከ ማርያምም ዘመዶቹን ለምኖ፣ የሦስት ቀን መንገድ ተጉዞ ሁለተኛ አመጣ፤ «ይኼ መልኩ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል» አለው ግራዝማቹ። የቀንድ ዋንጫ አስለብጦ ቢያመጣለት ደግሞ «በቀንድ አንተ ጠጣበት» ብሎ ከደጁ ወረወረው። ወይ ጉድ! ለእመቤቴ ብሎ የሰጠ አፍ እንዲህ ይላልን? ለሰው ዓይን ብላችሁ የምታበድሩ፣ ይህን ስሙ!

ነገሩም ዳኛ ፊት ቀረበና ዳኛው ግራዝማቹን ፈርቶ እንዲህ ሲል ፈረደ፤ «ግራዝማች የሚወዱትን በዓይናቸው ይምረጡ፤ ያ እስኪገኝ ግን ሁለታችሁ ቁራኛ ሁኑ።» በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠርና አብረው እየበሉ፣ አብረው እየተኙ ይከርሙ ነበር። ጌቶች በፈንታቸው ሎሌ ያሳስሩ ነበር፤ ግራዝማቹ ግን «ሎሌ በጉቦ ይለቀዋል» ብሎ ራሱ ታሰረ። ቀኑም የነሐሴ መባቻ ነበርና ላእከ ማርያም «ጌታዬ ዳኛ፣ ሱባኤዬስ?» አለ። ዳኛውም «ስትተካ ትገባለህ» አለው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ነገር በአንድ ቃል ሲፈርስ ደሙ ፈላ፤ ዳኛ ፊት ነበረና ግን ነጠላውን ለቋጠሮው ዘረጋ።

ከዚያም ሁለቱ በዝናብና በጭቃ ሦስት ገበያ ዞሩ። በየገበያው ነጋዴው ብርሌውን ሲዘረጋ ግራዝማቹ አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን፣ አንዱን የሴት እያለ ይጥላል። ላእከ ማርያም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ያኛው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ወተት ይጠጣል። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነበር፤ ሸማኔው ጎሕ ሲቀድ ለውዳሴ ማርያም ሲቆም ግራዝማቹ ተኝቶ እንዳለ ነጠላውን ጎተት ያደርግና «ኧረ ተኛ ወዲያ! ብርዱን አስገባህብኝ» ይለዋል፤ ሲጀምር ይጎትተዋል፤ ሲደግም ይጎትተዋል፤ አንዲት ቀን እንኳ እስከ ፍጻሜው አላደረሰም። አንጀቱ አረረ! እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ብሆን መቋሚያዬን ባነሣሁበት ነበር። ላእከ ማርያም ግን ጥርሱን ነክሶ ቂሙን በልቡ ያጠራቅም ጀመር።

በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ በነሐሴ አሥራ ስድስት ጧት፣ አዝዋሪ ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ሞልቶ ግንድ ይዞ ይጋልባል፤ ከማዶ ያለችው የኪዳነ ምሕረት ደብር ከበሮ ይሰማል፤ ነገ ደግሞ ከማዶ ገበያ ነው። ላእከ ማርያም «ጌታዬ፣ ውኃው እስኪጎድል እንቆይ» አለ። ግራዝማቹም «አንተ ነህ የምታዘኝ? ብርሌዬን ላለመተካት ነው! ግባ!» ብሎ ቀድሞ ገባና ጎተተው። ውኃው ወገባቸው ድረስ ደርሶ፣ ማዶውም በቀረበ ጊዜ የግራዝማቹ እግር ድንጋይ ስቶ ውኃው ነጥቆ ወሰደው፤ ላእከ ማርያምም በዳር ያለ የዋርካ ሥር በአንድ እጁ ያዘና ነጠላው በመካከላቸው እንደ ክር ተወጠረ።

በዚያችም ቅጽበት ሸማኔው አንድ ነገር አሰበ። በእሱ በኩል ያለው ነጠላ በገዛ እጁ የሠራው ነበር፤ ዘጠኝ ክረምት የለበሰው፣ ጫፉ ያለቀ፣ ልጅ ቢስበው የሚተረተር። አንድ ጊዜ ቢነጥቀው ይበጠሳል፤ ያ ሰው ይሄዳል፤ ብርሌም፣ ዳኛም፣ ቁራኛም የለም። ማንም ወንዙን እንጂ እሱን አይከስስም። «አንተ!» ብሎ ጮኸ፤ ግራዝማቹን አንተ ብሎት አያውቅም ነበር፤ «አንተ ጨካኝ! ሂድ! እመቤቴ ሆይ፣ ሠላሳ ዓመት አገለገልኩሽ፣ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም፤ ዛሬ ቁረጪልኝ!» አለና ዓይኑን ጨፍኖ በኃይሉ ሁሉ ነጠቀ። ነጠላው አልተበጠሰም። እንደገና ነጠቀ፤ አልተበጠሰም። በጥርሱ ነከሰና ነጠቀ፤ ሊበጥሰው በሳበ ቁጥርም ግራዝማቹ ወደ እሱ እየቀረበ መጣና ዓይኑን ሲገልጥ ሰውየው ከእግሩ ሥር ውኃ እየተፋ ተንበርክኮ ነበር።

የበዓሉ ሕዝብ ከዳር ሆኖ አይቶ ነበርና እልልታው አገሩን ሞላው። «ጠላቱን አዳነ! ጻድቅ ነው!» እያሉ ሸማኔውን አቅፈው ወደ ደብሩ ወሰዱት። ግራዝማቹም በሕዝቡ መካከል ቆሞ እንዲህ አለ፤ «በመካከላችን አንዲት ሴት ውኃው ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላውን ባረጀበት በኩል በሁለት እጇ ይዛለት ነበር፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ርሷል። ከዛሬ ጀምሮ ብርሌውን ትቼዋለሁ፤ ፍቱን።» ቄሰ ገበዙም ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ አልተፈታም። ሦስት ጎልማሶች ሞከሩ፤ አልተፈታም። ቢላዋ አመጡ፤ ቢላዋው አልቆርጥ አለ።

ላእከ ማርያም ግን በምስጋናው ብዛት ቁጣው ባሰበት። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ እሱ ሆኖ ሳለ ለዚያ ወተት ጠጪ መታየቷ አንገበገበው፤ ከዚያም ይልቅ አንዲት አሮጊት መጥታ «ባርከኝ ልጄ» ብላ እጁን ስትስመው አልቻለም። «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸ፤ «ዝም በሉ አልኩ! እኔ ማንንም አላዳንኩም። ልበጥሰው ነበር የምስበው! እንዲሞት ነበር የፈለግሁት፤ እሷንም እርጂኝ ብያታለሁ፤ እምቢ አለችኝ!»

እልልታው ቀጥ አለ። በዚያን ጊዜ ነጠላው፣ ማንም ሳይነካው፣ ከመሀሉ ተተርትሮ መሬት ላይ ወደቀ።

ግራዝማቹም የተበጠሰውን ጫፍ አየና «ልታሰጥመኝ ነበር?» አለ። «አዎ» አለ ላእከ ማርያም፤ «ከፈለጉ ዳኛው ዘንድ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ያለ ነጠላ እሄዳለሁ።» ግራዝማቹም ከጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ «ስትነጥቀው በክንዴ ተሰምቶኝ ነበር፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። በአንድ ጠርሙስ የተነሣ የእመቤቴን ሰው ነፍሰ ገዳይ ላደርገው ነበር» አለ። ላእከ ማርያምም ከእግሩ ላይ ወደቀና ሁለቱ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ፤ ቄሰ ገበዙም ንስሐ ሰጧቸው።

በማግስቱም ሳይታሰሩ ገበያ ወረዱ፤ ላእከ ማርያም «ትቼዋለሁ ቢሉም እኔ አልተውኩትም፤ የሰው ዕቃ ነው፣ እተካለሁ» ብሎ እየተቆጣ ይሄድ ነበር፤ ቁጣው ገና አልበረደም ነበርና። ግራዝማቹም ነጋዴው ከዘረጋቸው ሁሉ አንገቱ የጠመመውን፣ ሆዱ ላይ የአየር ፊኛ ያለበትን፣ ማንም የማይነካውን አንዱን አነሣ። «ኧረ ጌታዬ፣ ደህናውን ይምረጡ!» ብሎ ላእከ ማርያም ቢለምነው «የኔ ብርሌ ይኼ ነው፤ ራሱ ነው» አለና በደረቱ አቅፎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ዳኛውም ሲጠይቀው «ተክቶልኛል» ብሎ ማለ።

ምእመናን ሆይ፣ ክፉ ልመናችንን ስለማትሰማን እመቤታችንን እናመስግናት። የሰው ዕቃ ሰብራችሁ ጣሪያ የምታዩ ሁሉ፣ ከዚህ እንደወጣችሁ ሂዱና ተናገሩ፤ ሰው የሰበረባችሁም የመጣላችሁን ተቀበሉ። በቁጣ ልንበጥሰው የምንስበውን እሷ በሁለት እጇ ትያዝልን፤ ዓይናችንን ስንገልጥም ወንድማችንን ከእነ ነፍሱ ከእግራችን ሥር ታሳየን፤ ይህን የሰማ ጆሮም ክፉ አይስማ፤ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።