«ቤት ናቸው» ያለው ስልክ

ጆሯችሁን አምጡልኝ፤ ካላመጣችሁም ለራሴ አወራዋለሁ።

ጋሽ ይርዳው የሚባሉ ነገር የሚረሱ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ መንገዱ ጠፋባቸው። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤታቸው መግባት።

ልጃቸው አስካለ ሲዘገዩባት ተጨነቀች። ስልክስ አንገታቸው ላይ አንጠልጥላላቸዋለች። ግን ወንድሟ ታምሬ፣ አጭበርባሪ እንዳይደውልባቸው፣ ያሉበትንም ማንም እንዳያውቅ ብሎ፣ ጥሪውም፣ «የት ናቸው?» የሚለው ጥያቄም መጀመሪያ በቤቱ ራውተር፣ በዚያ ብልጭ ብልጭ በሚለው የዋይፋይ ሳጥን በኩል እንዲያልፍ አድርጎታል። ከዚያ ሳጥኑ ያለበትን ክፍል ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ክፍለ ሀገር ሄደ። ጎበዝ ልጅ ነው መቼም።

አስካለ ደወለች፤ ጥሪው የተቆለፈው ክፍል ውስጥ ጮኸ። «የት ናቸው?» ብላ ጠየቀች፤ «ቤት ናቸው» የሚል መልስ መጣላት። አልጋ ስር ሳይቀር አየች። የሉም።

የአባቷን ስልክ ራሱን ለመነችው። «ስልክ፣ ስልክ፣ አባባ የት እንዳሉ ንገረኝ!»

«አልናገርም» አለ ስልኩ። «በእኔ ፈንታ የሚናገረው ራውተሩ ነው።»

በቁልፉ ቀዳዳ ጮኸች። «ራውተር፣ ራውተር፣ ስልኩን ልቀቀው! ስልኩ አልናገርም አለ፣ አባባ ጠፉብኝ!»

«አልለቅም። መብራት እስካለች ሥራዬን እሠራለሁ። ደግሞ እኔ የማውቀው ቦታ ይሄ ቤት ብቻ ነው።»

«መብራት፣ መብራት፣ ጥፊ! ራውተሩ ስልኩን አልለቅም አለ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፣ አባባ ጠፉብኝ!»

ሌላ ቀን ወጥ እስኪጣድ ጠብቃ ድርግም የምትለው መብራት፣ ዛሬ «አልጠፋም» አለች። «ቆጣሪው ካላስቆመኝ ምን ቸገረኝ?»

ቆጣሪው የጋራ ነው፤ የተሰቀለውም ጎረቤቷ ላቀች ግድግዳ ላይ ነው። አስካለ በአጥሩ በኩል ተንጠራራች።

«ቆጣሪ፣ ቆጣሪ፣ መብራቷን አስቁማት! መብራቷ አልጠፋም አለች፣ ራውተሩ ስልኩን አልለቅም አለ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፣ አባባ ጠፉብኝ!»

«ላቀች ካላጠፋችኝ በራሴ አልቆምም።»

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አስካለ የላቀች እህት ስትሞት ልቅሶ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ ተኮራርፈው፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዷ ሰማይ አንዷ መሬት ያያሉ። ቢሆንም አስካለ ሄዳ አንኳኳች።

«ላቀች፣ ላቀች፣ ቆጣሪውን አጥፊው! ቆጣሪው አልቆምም አለ፣ መብራቷ አልጠፋም አለች፣ ራውተሩ ስልኩን አልለቅም አለ፣ ስልኩ...»

«በቃሽ! ስለ ሳጥን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው? አልነካም!» አለችና በሩን ድርግም አደረገችባት። የመጨረሻዋን ቃል አልሰማችም።

«ኩርፊያ፣ ኩርፊያ፣ ላቀችን ልቀቃት! ላቀች ቆጣሪውን አልነካም አለች፣ ቆጣሪው አልቆምም አለ፣ መብራቷ አልጠፋም አለች፣ ራውተሩ ስልኩን አልለቅም አለ፣ ስልኩ አልናገርም አለ፣ አባባ ጠፉብኝ!»

«ኧረ?» አለ ኩርፊያ። «አንቺስ መቼ ለቀቅሽኝ?»

አስካለ አፈረች። ተመልሳ አንኳኳች፤ አሁን ግን ከመጨረሻው ጀመረች።

«አባባ ጠፉብኝ፣ ላቀች። ልቅሶሽ ላይ መቅረቴም ነውር ነው፤ ይቅር በይኝ።»

በሩ ተበረገደ። «ጋሽ ይርዳው? ወይኔ! ይሄን ማስቀደም ትተሽ ሳጥን ትቆጥሪልኛለሽ?»

ኩርፊያ ላቀችን ለቀቃት፤ ላቀች ቆጣሪውን አጠፋችው፤ ቆጣሪው መብራቷን አስቆማት፤ መብራቷ ከራውተሩ ሄደች፤ ራውተሩ ስልኩን ለቀቀው፤ ስልኩም በገዛ አፉ ተናገረ። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ናቸው።»

ሁለቱ ሴቶች ሮጡ። ጋሽ ይርዳው ጫማቸውን አውልቀው ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ተቆጥተዋልም።

«ምን በድያችሁ ነው የማትከፍቱልኝ? መንገዱ ሲጠፋኝ የት ነኝ ብዬ ስልኩን ጠየቅኩት፤ ቤትዎ ነዎት አለኝ። ስንቴ አንኳኳሁ!»

አስካለ እንባዋ መጣ። ላቀች ግን ተንበርክካ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው።

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አለች። «ይነሱ፣ በሌላኛው በር እንግባ።»

ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈው፣ ገበያውን አቋርጠው፣ በሌላኛው በር አስገቧቸው።