የአያ ጅቦ የውርስ ቅርጫት

አንድ ጊዜ በጋው ጠንቶ ሐይቁ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ እመት አህያ ውሃ ልትጠጣ ወርዳ ጭቃ ውስጥ አንድ እንግዳ ዕቃ አገኘች። ከወይራ ልምጭ የተጎነጎነ፣ ቁመቱ ፍየል የሚያህል ቅርጫት መሳይ ነገር ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ወደ ውስጥ ግን እየጠበበ ይሄዳል፤ ዙሪያውንም የሾሉ እንጨቶች ጫፋቸውን ወደ ሆዱ አዙረው ተሰክተውበታል። ከግርጌው ድንጋይ ታስሮበታል። ጭቃው ውስጥ ስንት ዘመን እንደከረመ እንጃ፣ እንደ ብረት ጠንክሯል። ምን እንደሆነ ባታውቅ ለባሏ አሳየችው። እሱም አላወቀም።

ወሬውን አያ ጅቦ ሰማ። ዕቃው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። እመት አህያ ምን እንደሆነች ግን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ «ያባቴን ንብረት ሰርቃብኛለች» ብሎ ከሰሳት። በዚያ አገር ሕግ ደግሞ የሰረቀ ለባለንብረቱ ይሰጣል።

እንደ ደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በአንድ ገመድ ተቆራኝተው ወደ ጌታው አንበሶ ችሎት ሄዱ። በረጅሙ መንገድ እንሂድ ያለው አያ ጅቦ ነበር። እመት አህያ መንገዱን ሁሉ ተጎተተች። ባሏም ከኋላ ተከትሏል፤ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው።

ችሎቱ የተሰየመው ሐይቁ ዳር፣ ከሾላው ሥር ነው። አንበሶ ዕቃውን አገላብጦ አየና ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። ዝንጀሮ ከበሮ ነው አለ፤ ቆዳው የት ሄደ ቢሉት ዞሮ አያ ጅቦን አየ። ከርከሮ የዶሮ ቤት ነው አለ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ አባቱ ሥጋ ያስቀምጡበት የነበረ ቅርጫት መሆኑን፣ ከቅድመ አያቱ ሲወርድ ሲዋረድ እንደመጣ አስረዳ። በጅብ ቤት ሥጋ ተቀምጦ ያየ ማንም የለም፤ ግን የሚከራከርም ስለጠፋ አንበሶ ሊፈርድ ተነሳ።

ሌሎቹ ሲገምቱ እመት ቀበሮ ዕቃውን ከላይ እስከ ታች ስታሸት ቆይታ ነበር። ከሆዱ ውስጥም የደረቀ የዓሣ ቅርፊት አይታለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከምሳዋ የተረፈ አጥንት ወደ ቅርጫቱ ሆድ ጣለችና፣

«አያ ጅቦ፣ ያንተ አይደለም ያለ የለም። አባትህ ከዚህ ውስጥ ሥጋ እንዴት ያወጡ እንደነበር ብቻ አሳየን» አለችው።

አያ ጅቦ አጥንት ከሸተተው ወዲያ ልመና አያስፈልገውም። ጭንቅላቱን እስከ ትከሻው አስገባ። አጥንቱንም አገኘ። ከዚያ ቆየ። ወደ ኋላ ሳብ ሲል የሾሉት እንጨቶች አንገቱን ያዙት። 

«ተቸገርክ እንዴ?» አለ አንበሶ።

«የለም ጌታዬ» አለ ከውስጥ። «አባቴም እንዲህ ይቆዩ ነበር።»

ያን ጊዜ እመት ቀበሮ ለችሎቱ አስረዳች። ዕቃው የጥንት ሰዎች ዓሣ ያጠምዱበት የነበረ ወጥመድ ነው። ድንጋዩ ወደ ውሃው ግርጌ ያሰምጠዋል፤ የሾሉት እንጨቶች ዓሣውን ያስገቡታል፣ አያስወጡትም። ቅርፊቱን በጥፍሯ አውጥታ አሳየች።

አንበሶ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አለ። «ያንተ ካልሆነ እናውልቅልህ። ግን በሐሰት የከሰሰም ለተከሳሹ ይሰጣል። ያንተ ከሆነ ይዘኸው ሂድ።»

አያ ጅቦ የእመት አህያን የኋላ እግሮች ርግጫ አሰበ። 

«የኔ ነው» አለ።

አንበሶም ባለንብረቱ ንብረቱን ስላገኘ የጠፋ ነገር የለም፣ የጠፋ ከሌለ የሰረቀ የለም ብሎ ፈረደ። ገመዱ ተፈታ። እመት አህያ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። ባሏ ጠጋ ብሎ «እኔም ልናገር እያልኩ ነበር» አላት። አያ ጅቦ ያባቱን ቅርጫት እንዳጠለቀ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተላተመ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የማያውቀውን ዕቃ «የኔ ነው» የሚል ሁሉ የኋላ ኋላ እሱ ራሱ የዕቃው እንደሚሆን ነው።