ሳይረግጡ መማር

አንዲት የገጠር መምህርት በዲጂታል ትምህርት አመራር ሁለተኛ ዲግሪዋን በኦንላይን ያዘች። ሁለት ዓመት ሙሉ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ እየወጣች ነበር የተማረችው። በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የባለሙያ ቦታ ሲወጣም አመለከተች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሀብተየስ ግን የወረዳው መምህራን በተሰበሰቡበት አዳራሽ ማስረጃዋን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው፣ «አስተማሪሽን በአካል አግኝተሽው ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም።»

«ግቢውንስ ረግጠሽዋል?»

«አልረገጥኩም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑን ትምህርት ሆነ? ስትማሪ በዓይኑ ያየሽ ምስክር ካላመጣሽ ቦታውን እርሺው!»

አዳራሹ ሳቀ። መምህርቷ ፊቷ ቀላ፤ ቢሆንም ወደ መምህራኑ ዞረች።

«እስቲ አቶ ሀብተየስ ትምህርት ቤታችሁ መጥተው ያያችኋቸው እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ አልወጣም።

«አዩ ጌታዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እርስዎ አንድም ትምህርት ቤት ሳይረግጡ ስድስት ዓመት በደብዳቤ ሲመሩን አይቼ፣ ‹እንዲህ መምራት ከተቻለማ መማር አያቅትም› ብዬ ነው የተመዘገብኩት።»

አቶ ሀብተየስ ማስረጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ አመልካቾች ፋይል መለሱት።