ጾመኛ የተባለው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ። ውሻ ነበረው።

ቁጭ በል እንጂ ጌጡ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «ሚስቴ አስካለ ክፉ ቃል ሳይወጣት ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች፤ ሳትነግረኝ መከፋቷን በምን ላውቅ እችል ነበር?» ነው ያልኸኝ። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እንዳመጣልህም ለምነኸኛል። እሄድ እንደሆነና እንዳልሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። አሁን ሰውየውንና ውሻውን ስማኝ።

ሰውየው ባለጠጋ ነበረ። ግቢው ሰፊ፣ ከብቱ ብዙ ነው። ጾም አያስታጉልም፤ አለማስታጎሉንም ሰው እንዲያውቅለት ይወዳል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ውሻውን አይመታውም፣ አያስርበውም፤ ስሙንም መከታ ብሎታል። ታዲያ እንደ አገራችን ወግ ውሻ ይጠብቃል እንጂ አይነካም። ሰውየው የውሻውን ጩኸት ከሩቅ ለይቶ ያውቃል፤ አፉን ግን ከፍቶ አይቶ አያውቅም። ማንስ የውሻ አፍ ያያል?

አንድ ክረምት የመከታ አፍ መሽተት ጀመረ። እንግዳ ሲመጣ ጅራቱን እየቆላ ይጠጋል፤ እንግዳው አፍንጫውን ይይዛል። ሰውየው አፈረና ከደጃፉ አንሥቶ ከበረቱ ጀርባ አሰረው። «ድሮስ የውሻ አፍ ሽቶ ሊሸት ነው?» አለ። ቆይቶ ውሻው በአንድ ጎን ብቻ ያኝክ ጀመር፤ የሚበላውም ከአፉ ይወድቅበታል። የቤቱ ሰዎች አይተው «አርጅቷል» አሉ። ምራቁ ይዝረበረባል፤ ፊቱን በመዳፉ ያሻል። «ዝንብ ነው» አሉ። ለሁሉም ስም አገኙለት፤ ጎንበስ ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾም ከክርስቲያን ቤት አጥንት አይወጣም። ውሻውም እንደ ቤቱ ሰው ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ይበላል። ፍርፋሪው ለስላሳ ስለሆነ ሕመሙ ተሸፈነ።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ሙስሊም ጎረቤት ነበረው። ጎረቤትየው ልጁን ሲድር ፍየል አርዶ፣ «ለመከታም ይድረሰው» ብሎ አጥንት በአጥሩ ላይ ወረወረለት። ውሻው ገመዱን እየጎተተ ሄደ፤ አሸተተው፤ ላሰው። ከዚያ ትቶት ተኛ። ሰውየው ከብቶቹን ሊያይ ወጥቶ ኖሮ ይህን ሁሉ ቆሞ ተመለከተ። «ኧረ ኑና እዩ! ጾሜን አልገድፍም አለ እኮ!» ብሎ ቤተሰቡን ጠራ።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ሰፈሩን አዳረሰ። የእገሌ ውሻ ሥጋ ተሰጥቶት እምቢ አለ ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እናቶችም ተደብቀው ወተት የሚጠጡ ልጆቻቸውን «ውሻ እንኳ ጾሟል፣ አንተ ሆዳም!» እያሉ ገሠጹበት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ከጌታው የተማረው ነው» አለ። ሰውየው ይህችን ቃል ወደዳት። ከዚያ ወዲያ የውሻው ምስጋና የራሱ ምስጋና ሆነች፤ መታመሙን ማወቅም የማይጠቅመው ነገር ሆነ።

አንድ ቀን ጎረቤትየው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ መከታ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። ያን አጥንት እንደገና ሞክሮት ነበር መሰለኝ፣ ደም አይቼበታለሁ። አሞት እንዳይሆን» አለው።

ሰውየው ሳቀ። «አይ ጎረቤቴ፣ ጾሙ ጠንቶበት ነው! የኛ ጾም እኮ ሰውንም ያከሳል» አለው። ጎረቤትየው የሰው ሃይማኖት የነካ መስሎት ተሳቀቀና ወደ ቤቱ ገባ።

ፋሲካ ደረሰ። ሰውየው ሰንጋ ጣለ፣ ዘመድ አዝማድ ጠራ። ጎረቤቱም እንኳን አደረሰህ ሊለው መጥቶ ከእንግዶቹ መሀል ተቀምጧል። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ ሰውየው ብድግ ብሎ፣ «አሁን ደግሞ ጾመኛችን ይገድፋል፤ ውጡና እዩት» አለ። እንግዳው ሁሉ እየተሳሳቀ ወደ ግቢው ወጣ። ውሻውን ፈትተው አመጡት። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል፤ ጅራቱን ግን ይቆላል። ሰውየው ሥጋ ያልተለየው ጎድን ወረወረለትና «በል መከታ፣ እንኳን አደረሰህ!» አለው። እልል ያሉም ነበሩ።

ውሻው ጎድኑን አነሣ። ሲነክሰው ጮኸ፤ ከአፉም ወደቀ። ቀና ብሎ ጌታውን አየ። ሰውየው እንግዳ ፊት ያዋረደው መስሎት «ብላ እንጂ!» ብሎ ተቆጣው። ውሻው የጌታውን ቃል አያልፍምና እንደገና ነከሰ። እንደገና ጮኸ። ነጩ አጥንት በደም ተለወሰ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንዲት ትንሽ ልጅ «አባዬ፣ እያመመው እኮ ነው» አለች። አዋቂዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ሰውየው በዓይኑ ጎረቤቱን ፈለገ። ጎረቤትየው እንዳያፍርበት ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረለት። ይህ ከስድብ ይልቅ ከበደው። ከዚያ በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ በነጭ ልብሱ አፈር ላይ ተንበርክኮ የውሻውን ከንፈር በእጁ ገለጠ።

ሽታው እንግዶቹን ወደ ኋላ መለሳቸው። ድዱ ቀልቶ አብጧል፤ ጣት ሲነካው ይደማል። በጥርሶቹ ሥር ቡናማ ቅርፊት እንደ ድንጋይ ተጋግሯል። አንዱ ጥርስ ይነቃነቃል፤ ሥሩም መግል ቋጥሯል። ውሻው እየተንቀጠቀጠ ዝም አለ እንጂ አልነከሰውም። ለሰውየውስ ውሻው ቢነክሰው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ አስቀድሞ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን ጠየቀ፤ ምራቁ በሚዝረበረብ ውሻ አፍ ውስጥ ያለዚያ እጅ አይገባምና። መከተቡን ካረጋገጠ በኋላ አደንዝዞ ቅርፊቱን ፋቀ፣ የማይድኑትንም ጥርሶች ነቀለ። እጁን እየታጠበ ይጠይቀው ጀመር።

«አፉ ይሸት ነበር?»

«ከበረቱ ጀርባ አሰርነው።»

«ምግብ ይጥል ነበር?»

«አርጅቷል አልን።»

«አጥንትስ እምቢ ብሎ ነበር?»

ሰውየው ዓይኑን የተነቀሉት ጥርሶች ላይ ተከለ። ሐኪሙ የሰፈሩን ወሬ አልሰማምና ደገመለት።

«ጾመ ብለን ነበር» አለ ሰውየው።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ደኅና ድድ ጠበቅ ያለ ነው፤ አይደማም፤ መልኩም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው» አለው። «ሲፈጠር ድዱ ጥቁር የሆነ ውሻም አለ። ስለዚህ የራስህን ውሻ ደኅና ሳለ እየው፤ ያኔ የተለወጠ ዕለት ይገባሃል። ቁስሉ ሲድንለት ጣትህ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልል፣ ውኃ አስነካው፣ ጥርሱን እስከ ድዱ ዳር ድረስ አሸት አሸት አድርግለት። ብትችል በየቀኑ። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆነውም፣ ይጎዳዋል። ቅርፊቱ አንዴ ከደነደነ ጨርቅ አያስለቅቀውምና ሳትውል ሳታድር ወደ እኔ አምጣው። አጥንቱንም ተወው፤ ጥርስ ይሰብራል። ከወደድኸው በሌላ ውደደው።»

ውሻው ዳነ። ነገር ግን ሰውየው ጨርቁን ይዞ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ፊቱን ያዞርበት ነበር። ሰውየው አይቆጣም። አጠገቡ ይቀመጣል፤ ከፈቀደለት ያያል፤ ካልፈቀደለት ነገ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን መንገዱ ነበር። ሰው ባገኘው ቁጥር «ጾመኛው እንዴት ሰነበተ?» ይለዋል። እሱም ይቆምና አንገቱን ደፍቶ፣ «ጾመኛ አልነበረም፤ አሞት ነበር። ያላየሁት እኔ ነኝ» ይላል። ለጠየቀው ሁሉ እንዲሁ ይላል።

እንግዲህ ልጄ፣ ሚስቴን በውሻ መሰሉብኝ ብለህ እንዳትቀየመኝ። እሷን በምንም አልመሰልኋትም። አንተን ነው በሰውየው የመሰልሁህ።

አስካለ በመጀመሪያው ዓመት፣ እንግዳ ፊት የአባቷን ድህነት እያነሣህ ስትቀልድባት ትመልስልህ ነበር። «ምላሰኛ ናት» አልህ። ቀጥላ ታለቅስ ጀመር። «ሆደ ባሻ ናት» አልህ። ከዚያ ዝም አለች። ያን ጊዜ ደስ አለህ፤ ማኅበር ላይ ቆመህ፣ «እንደኔ ሚስት ያለ ታጋሽ ከየት ይገኛል!» ብለህ በእሷ ተመሰገንህ። ካንተ ጋር መብላት ከተወች መቆየቷንም አሁን ራስህ ነግረኸኛል፤ ሥራ በዝቶባት ነው ብለህ። አልነገረችኝም ትላለህ። ነግራሃለች። ለነገረችህ ሁሉ ስም አወጣህለት እንጂ ጆሮ አልሰጠኸውም።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ብለህም ተርተህብኛል። ተረቱ እውነት ነው፤ የተተረተው ግን ለጎረቤት ነው። አንተ ባሏ ነህ።

ቀና በል። ማፈርህ ደግ ነው፤ እዚህ እኔ ፊት ግን አትጨርሰው። ለእሷ ይዘህላት ሂድ።

ሽማግሌነቱን እምቢ ብያለሁ። እኔ ብሄድ «ታጋሽ ነሽና ተመለሽ» ብዬ እለምናታለሁ። እሷም ለሽበቴ አፍራ ትነሣለች፤ ቁስሏ ሳይታይ፣ እያመማት ያንኑ አጥንት እንደገና ትነክሳለች። ይህን በእጄ አላደርግም። አንተው ሂድ። አባቷም ወንድሞቿም በተቀመጡበት፣ «ታጋሽ እያልሁ አወራሁባት እንጂ ተጎድታ ነበር፤ ያላየሁት እኔ ነኝ» በል። ተመለሽ አትበላት። የት ላይ እንዳመማት ጠይቃት። ፊቷን ብታዞርብህ ነገም ሂድ። የነገረችህ ዕለት ደግሞ፣ አደራህን፣ ለነገሩ ስም አታውጣለት።