«በራሴ ማሽን ሞክሬዋለሁ» ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር በገዙ ቁጥር አሮጌውን ከከተማ ዳር ባለው ቆሻሻ መጣያ እየወረወሩ ሲሄዱ፣ አራዊት እየለቀሙ ወደ ጫካቸው አስገቡት። ጉድ በሉ! ጦጣ ኪቦርድ ተሸክማ፣ ከርከሮ ስክሪን እያንከባለለ፣ አንበሳ ራሱ፣ የዱር ንጉሥ፣ የሚንጫጫ ፕሪንተር አዝሎ ሲሄድ ታየ። እኔ እንኳ አላየሁም፤ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

በጫካው ጥግ ሰው ጥሎት የሄደ ወፍጮ ቤት ነበረ። ወፍጮው ተነቅሏል፤ መብራቱ ግን አልተቆረጠም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ የተበላሸበት ሁሉ እዚያ ይዞ ይመጣል። የሚያውቅ ላላወቀ ያሳያል፣ ብሎን የጎደለበት ብሎን ያገኛል፣ ካቻቪቴ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በዚያ ቤት ውስጥ መበላላት የለም። የሌላውን ማሽን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መክፈትም የለም። ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ሕግ ግን አንድ ነበር። ምክር የሚሰጥ ሁሉ ከምክሩ በፊት «ሞክሬዋለሁ» ወይም «ሰምቻለሁ» ማለት አለበት። በራሱ ማሽን ላይ ሠርቶ ያየው ከሆነ «ሞክሬዋለሁ» ይላል። ከሌላ የለቀመው ወይም የገመተው ከሆነ «ሰምቻለሁ» ይላል። ምክንያቱም አሮጌ ማሽን አንዴ ከተቃጠለ ምትክ አይገኝለትም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ የአንበሳ ፕሪንተር አዋጅ እያተመ መሃል ላይ ወረቀቱን ማኘክ ጀመረ። አንበሳ እያገሳ ይዞት መጣ። ያዳነችው ኤሊ ናት። «ሞክሬዋለሁ፣ ጌታዬ፤ ቁራጭ ወረቀት ከውስጥ ተወትፎበት ነው» ብላ በካቻቪቴ ጫፍ መዝዛ አወጣችለት። አንበሳ ደስ ብሎት አንድ የጎሽ ጭን ላከላት። ሣር የምትበላ ኤሊ ጭኑን ምን ታድርገው? ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ቀረ። ሽታው ጅብ ዘንድ ደረሰ።

ጅብ እየሮጠ መጣና በሩ ላይ ቀበሮን አገኛት።

«አንቺ ቀበሮ! ኤሊ ይሄን ጭን ያገኘችው ምን ሠርታ ነው?»

«ተናግራ።»

«ተናግራ ብቻ? ሳትሮጥ? ሳትናከስ?»

«‹ሞክሬዋለሁ› አለች፤ የምታውቀውን ነገረች፤ በቃ።»

ጅብ ክው አለ። ምራቁ አነቀው። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ቅልጥም ሲንከራተት፣ ለካ ጭን በአፍ ይገኛል! «እኔ ግን ኮምፒውተር የለኝም እኮ» አለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«ቀፎ ይበቃሃል» አለች ቀበሮ። «ከቆሻሻው ላይ ባዶ የኮምፒውተር ቀፎ አንሳና በጨርቅ ጠቅልለህ ታቀፈው። ያለ ፈቃድህ ማን ይከፍትብሃል? የምትናገረውን እኔ በጆሮህ ሹክ እልሃለሁ። ከሚሰጥህ ግማሹ የእኔ ነው።»

«ራስሽ ለምን አትናገሪም?»

«እኔማ ዓይን አፋር ነኝ፣ አያ ጅቦ።»

ውሸቷን ነው! ምክሩ ከሠራ ግማሽ ጭን ታገኛለች፤ ካቃጠለ ግን የሚረገመው ጅብ ነው። ይሄ ለጅብ አልገባውም። ምን ይገባዋል፣ እሱ ያየው ጭኑን ብቻ ነው።

«በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባል የለ? በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀፎውን ታቅፎ ከሁሉም ፊት ጉብ አለ። ከርከሮ «ኪቦርዴ ፊደል ይዘልብኛል» ብሎ ሲያማርር፣ ቀበሮ በጆሮው ሹክ አለችው። ጅብም ብድግ ብሎ «ሞክሬዋለሁ! ገልብጠህ አራግፈው!» አለ። ተገለበጠ፣ ተራገፈ፣ ሁለት እፍኝ ጭቃ ወረደ፣ ሠራ! ከርከሮ በደስታ የሞተ ሚዳቋ ያየበትን ቦታ ጠቆመው። ከዚያ ወዲያ ጅብ ማን ይቻለው! በየሳምንቱ «ሞክሬዋለሁ» ይላል፣ በየሳምንቱ ሆዱን ይሞላል። የተሳሳተበት ቀን ቢኖርም እስከዚያ ድረስ የከፋ ነገር አልደረሰም።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልምጣ።

ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ወደ ጨው አገር ቆላ ለቆላ የሚወርዱ የአርባ አህዮች መሪ ናት። ከእሷ በፊት የምትመራቸው እናቷ ነበረች። እናትየው በመንገዱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ታውቃለች፤ የቱ እንደሚጠጣ፣ የቱ ሆድ ነፍቶ እንደሚገድል። ከመሞቷ በፊት ሁሉንም በአሮጌው ኮምፒውተሯ ጻፈችና በካሴት ቀዳችው። ያንን ካሴት የሚያነበው ደግሞ እንደ እሱ ያለ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሌላው ዓይነት ቢሰጡት አይገባውም። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ የደጋው ምንጭ ሁሉ ደረቀ። አህዮቹ ሰኞ መውረድ ግድ ሆነባቸው።

ዳልቻ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ተሸክማ፣ ጆሮዋን ጥላ ወፍጮ ቤት ገባች።

«ወገኖቼ፣ እርዱኝ» አለች። «ማሽኑ ይበራል፤ ካሴቱን አንብብ ስለው ግን እንቢ አለኝ። የእናቴ የጉድጓድ ዝርዝር እዚያ ውስጥ ነው። ያለ እሱ አርባ ነፍስ ይዤ ስወርድ የማጠጣቸው ውሃ ይሁን መርዝ አላውቅም።»

ኤሊ አንገቷን ቀስ ብላ አወጣች።

«ልጄ፣ እኔ ሰምቻለሁ እንጂ አልሞከርኩትም። የካሴት ማጫወቻው አንባቢ ሲጣመም፣ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ብሎን ይስተካከላል ይላሉ። ድምፁ ጥርት እስኪል በጆሮ እያዳመጡ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው። ኮምፒውተሬ ሌላ ዓይነት ቢሆንም እንዲህ ያለ ማጫወቻ እኔም ቤት አለ። ልሂድና በራሴው ላይ ልሞክረው፤ ነገ ጠዋት መልሱን ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ነገ? ከነገ ወዲያ እኮ ነው የምንወርደው፣ እማማ ኤሊ!»

ቀበሮ ወደ ጅብ ጆሮ ጠጋ አለች። ጅብ ተነሥቶ ደረቱን ነፋ።

«ሞክሬዋለሁ! ማሽኑ ጉልበት አንሶት ነው! በዘጠኝ ቮልት ማን ይሮጣል? ሃያ አራት ስጪው! የእኔም ልክ እንዳንቺው ነው፤ ያው ዓይነት፣ ያው ቀለም። ሃያ አራት ብሰጠው ካሴቱን ግጥም አድርጎ አነበበልኝ!»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» አለች ኤሊ ደንግጣ። «ከሥሩ ዘጠኝ ተብሎ ተጽፎ፣ ሃያ አራት?»

«አንቺ ሞክረሻል?»

«አልሞከርኩም።»

«እኔ ሞክሬያለሁ!»

ኤሊ አንገቷን መለሰች። ሕጉ ሕግ ነው፤ ከሰማ የሞከረ ይታመናል። ዳልቻ አንዴ ኤሊን፣ አንዴ ጅብን አየች። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ጅቦ!» ብላ በደስታ እንባዋ መጣ። ጦጣ ባለ ሃያ አራት ቮልት አዳፕተር አቀበለቻት። ዳልቻ ሰካችው፣ ማብሪያውን ተጫነች።

ጧ! ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። «ንቀሉት! ኧረ ንቀሉት!» እያሉ ተጯጯሁ። ጦጣ ዘልላ ከሶኬቱ ስትነቅል፣ ዳልቻ በጥርሷ ካሴቱን መንጭቃ አወጣች። ካሴቱ ተረፈ። ማሽኑ ግን ጥቁር ብሎ ቀረ። ዳልቻ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

በዚህ መሃል ኤሊ፣ የዋህ ናትና፣ ፊቷ በራ።

«እንዴ! ምን ያስለቅሰናል? የአያ ጅቦ ማሽን አለ አይደል! ያው ዓይነት ነው፣ ካሴትም አንብቧል ብሎናል። በል አያ ጅቦ፣ አውሰን፤ አሁኑኑ ዝርዝሩን እናንብብላት!»

«እውነትም!» አለ ቤቱ በሙሉ። ዳልቻ ብድግ አለች።

ጅብ ቀፎውን ደረቱ ላይ ጥብቅ አደረገ። «የእኔ እንኳን ... ዛሬ አሞታል» አለ።

«ማሽን ይታመማል?» አለ አንበሳ።

«ተኝቷል ማለቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቀስቅሰው።»

«አልፈቅድም! ያለ ፈቃድ አይከፈትም፤ ሕግ ነው!»

ዳልቻ ፊቱ ተንበረከከች። «አያ ጅቦ፣ በእናቴ ነፍስ ልለምንህ፤ ለአንዲት ሰዓት ብቻ» አለችው። ጅብ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጨርቁ እግሩ ላይ ተጠመጠመ፤ ተደናቀፈ፤ ቀፎው ከእቅፉ አምልጦ ዱብ! ክዳኑ ተከፈተ። ከውስጡ ምን ቢፈስ ጥሩ ነው? አጥንት! የሚዳቋ እግር፣ የጎሽ ጉልበት፣ የጎድን አጥንት ከነጅማቱ! አንዲት ሽቦ እንኳ የለችበትም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ከፊት ተቀምጦ ሲመክራቸው፣ ታቅፎ የኖረው ጓዳውን ነበር!

አበስኩ ገበርኩ! አንበሳ፣ ስንት ያየው አንበሳ፣ አፉን እንደ ከፈተ ደርቆ ቀረ። ጦጣ ብቻ እንደ ምንም ድምፅ አውጥታ «ካሴት ያነበበው ይሄ ነው እንዴ?» አለች። የሳቀ የለም።

ዳልቻ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻል ነበር።

«አላውቅም ብትለኝ ምን ትጎዳ ነበር፣ አያ ጅቦ? እስከ ነገ እጠብቅ ነበር እኮ።»

«እኔ አይደለሁም! ቀበሮ ናት ያስባለችኝ!» አለ ጅብ።

ቀበሮ ቀድሞውኑ ወደ በሩ እየተሳበች ነበር። «እኔ? ‹ሞክሬዋለሁ› ስል ከእናንተ ማን ሰማኝ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ማንም አልሰማትም። አንበሳ ግን በሩን በመዳፉ ዘጋው።

«ያልሰማንሽ ሹክ ስላልሽ ነው። አሁን ሁለታችሁም ስሙ። አርባ አህዮች ሰኞ ይወርዳሉ፤ ውሃ ሳይጠጡ አይውሉም፤ ዝርዝሩም የለም። ስለዚህ በየጉድጓዱ የሚሞክር ያስፈልጋቸዋል። ጅቦ፣ አንተ ሞካሪ ነኝ ብለሃል። አንዱን ጉድጓድ አንተ፣ ቀጣዩን ቀበሮ፣ አህዮቹ ከንፈራቸውን ሳያነኩ ቀድማችሁ ትጠጣላችሁ።»

እሑድ ጠዋት ኤሊ ሌሊቱን ሳትተኛ፣ በቃሏ መሠረት፣ እያለከለከች ዳልቻ ደጅ ደረሰች።

«ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ብሎኗ ናት። ሩብ ዙር። ሩብ ዙር ብቻ ነበረች።»

ሁለቱም የተቃጠለውን ማሽን አዩ። ሩብ ዙር! ከዚህ በላይ ልብ የሚሰብር ነገር እኔ አልሰማሁም። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ሰኞ ወረዱ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛው ላይ ቀበሮ እያማረረች ቀመሰች፤ ደኅና ነው። ሦስተኛው ላይ ጅብ ጠጣና ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ከጠዋት እስከ ማታ መሬት ላይ ሲንከባለል ዋለ። አህዮቹ እያዩት ሳይጠጡ አለፉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ አሥራ አንድ ጉድጓድ ጨረሱ። አርባ አህዮች ወርደው አርባ አህዮች ተመለሱ። ጅብና ቀበሮ ግን ቆዳና አጥንት ሆነው ነበር የመጡት።

ከተመለሱ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንዲት ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍጮ ቤት መጣች። «ስክሪኔ ላይ መስመር ይወርድብኛል፤ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም፣ ከልማድ የተነሣ፣ ወደ ጅብ ዞሩ። ጅብ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው።

«እኔ አላውቅም» አለ። «አልሞከርኩትም።»

ቤቱ ክው አለ። አጥንቱ የፈሰሰ ቀን እንኳ እንዲህ አልደነገጡም። ከርከሮ የያዘው ካቻቪቴ ከእጁ ወደቀ። ዳልቻ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«ይቺን ቃል ለመማር ስንት ጉድጓድ ጠጣህ፣ አያ ጅቦ?»

«ስድስት» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚህ የምንማረው፣ «አላውቅም» የሚል ወዳጅ ቢያዘገየን አንድ ቀን ብቻ እንደ ሆነ፣ ሳይሞክር «ሞክሬዋለሁ» የሚል ግን የማይተካውን ነገራችንን አቃጥሎ እንደሚያስቀረን ነው።