ዘውድነሽ የሸሸችው ጥሪ

ወገኖቼ፣ አንዲት ሴት ነበረች። የመምህሯ ቢሮ በር ላይ ቆማ ማንኳኳት አቃታት። እጇን ታነሣለች፣ መልሳ ታወርዳለች። እነዚያ ጣቶች ሰርግ ቤት ክራር ሲመቱ የኖሩ ጣቶች ናቸው፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ወደኋላ ብለው አያውቁም። ዛሬ አንድ የእንጨት በር መንካት ፈሩ። ምን ሆና ይሆን?

ልንገራችሁ። ስሟን ዘውድነሽ እንበላት። ሠላሳውን አልፋለች። ብዙ ዘመን በሰርግ ቤት ክራር ስትመታ ኖራ፣ «ሙያዬን ተምሬ ልወቀው» አለችና ከሆሳዕና ከተማ ተነሥታ አዲስ አበባ አንድ ኮሌጅ ገባች፤ ሙዚቃ ክፍል። መጫወቱስ አልከበዳትም። ያስቸገራት የሙዚቃ ሥነ ጽሑፍ የሚሉት ትምህርት ነው። እዚያ አይጫወቱም። የቆዩ የሙዚቃ ሥራዎችን ያዳምጣሉ፣ ስላዳመጡት ይጽፋሉ። ለዚያውም እንደ ሰላምታ ደብዳቤ አይደለም፤ የሚሉትን በማስረጃ አስደግፈው፣ ከሰው የወሰዱትን ከማን እንደወሰዱ ጠቅሰው ነው።

መምህርቷ ሰናይት የሚባሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። አንዲት አዛውንት እማሆይ እያዜሙ የደረደሩትን በገና ለተማሪዎቹ አሰሙና «ስለዚህ ጻፉ» አሉ።

ዘውድነሽ ወረቀት ፊት ቁጭ አለች። አንድ መስመር ጻፈች፣ ሰረዘችው። «እኔ ማን ነኝና ነው ስለ በገና የምጽፈው?» አለች። ከዚያ ኢንተርኔት ገባች። ከዚህ አንድ አንቀጽ፣ ከዚያ አንድ አንቀጽ ለቃቀመች። ከላይ ስሟን ጻፈችና ሰጠች።

በሳምንቱ ወረቀቱ ተመለሰ። ማርክ የለበትም። ከግርጌው እንዲህ የሚል ብቻ ተጽፎበታል፤ «ይህን የሰማው ማን ነው? ቢሮዬ ነዪ።»

አለቀልኝ! አለች። የሰው ጽሑፍ ገልብጦ የተያዘ ተማሪ ይባረራል ሲባል ሰምታለች። ታዲያ ምን አደረገች? ሸሸች። የመምህርት ሰናይትን ክፍል መግባት ተወች። ግቢ ውስጥ ከሩቅ ካየቻቸው በሌላ መንገድ ትዞራለች። ወንድሟ ደውሎ «ትምህርት እንዴት ይዞሻል?» ሲላት «ደህና ነው» ትላለች፣ ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። እስቲ አስቡት! ማንም ውጪ ያላላት ሴት ራሷን በራሷ ስታባርር!

ሻንጣውን ያዩት አከራይዋ እትዬ አመለወርቅ ናቸው። ነገሩን ጠይቀው ሰሙ። «እና ውጪ ብለውሻል?» አሉ።

«አላሉኝም።»

«ታዲያ ከአፋቸው ሳትሰሚ ነው የምትሄጂው? ሂጂና ስሚው፤ ሻንጣው እንደሆን የትም አይሄድብሽም።»

እንግዲህ እዚያ በር ላይ ያደረሳት ይህ ነው። አንኳኳች። ገባች።

«መጣሽ?» አሉ መምህርት ሰናይት። «ምነው ጠፋሽ? ታመሽ መስሎኝ ነበር እኮ።»

መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ውሸት ነበራት። የእህቴ ልጅ ስትተይበው አበላሸችብኝ ልትል ነው። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «የራሴ አይደለም። ገልብጬ ነው።»

«አውቃለሁ። ‹የከበሮው ምት ነፍስን ያነቃቃል› ብለሻል። እኔ ያሰማኋችሁ ላይ ከበሮ የታለ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በይ አንቺ የሰማሽውን ንገሪኝ።»

«መምህር፣ እኔ መጻፍ አልችልም።»

«ጻፊ መቼ አልኩሽ? ንገሪኝ ነው ያልኩሽ።»

ዘውድነሽ ቀስ ብላ ጀመረች። «መሐል ላይ እማሆይ ዜማውን ያቆማሉ። እጃቸው ግን አይቆምም። ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነው፤ ልቅሶ ቤት ገብቶ ቃል እንደጠፋው ሰው። መጀመሪያ ግጥሙ የጠፋባቸው መስሎኝ ነበር። ደግሜ ስሰማው፣ አልጠፋባቸውም። ማለት አቅቷቸው ነው።»

መምህርት ሰናይት እስክሪብቶ አቀበሏት። «ይህንኑ ጻፊው። የት ቦታ ላይ እንደሰማሽው ጨምሪበት፣ እኔም ሄጄ እንድሰማው። ስለ በገና የጻፉ ሰዎች አሉ፤ አንብቢያቸው። ስማቸውን ጥሪና የተስማማሽበትን ተስማማሁ፣ ያልተስማማሽበትን አልተስማማሁም በይ። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

«ቆይ… አልተባረርኩም?»

«በረቂቅ? የመጀመሪያው ረቂቅ ነው፣ አርሜ እመልስላችኋለሁ ብዬ አልነበረም? ፍርሃትሽ አላሰማሽም መሰለኝ።» ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ። «ግን ስሚኝ፤ የሰውን ቃል ስሙን ሳይጠሩ መውሰድ ስርቆት ነው። በመጨረሻው ጽሑፍሽ ላይ ባገኘው እጅሽን ይዤ ለኮሌጁ ኃላፊዎች የማቀርብሽ እኔው ነኝ።»

ዘውድነሽ ወጣች። ደረጃው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። እንባዋ እየወረደ ትስቃለች። የሚያልፉት ተማሪዎች ግራ ገባቸው። ጽሑፉን ጻፈችው፤ በቀይ ታርሞ ተመለሰ፤ ደግማ ጻፈች፤ ደግሞ ታረመ። በመጨረሻ አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፤ አለፈች።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን እግዚአብሔር ሲጠራን ለፍርድ ነው ብለን የሸሸን? ስንቶቻችን ነን ማንም ሳያባርረን ሻንጣ ያዘጋጀን? ጥፋታችን ጥፋት አይደለም አላልኩም። ስርቆቱ ስርቆት ተብሏል። ግን አስተውሉ፤ ማረም ምንድን ነው? ገበሬዎች ታውቁታላችሁ። ሰው የተወውን ማሳ ያርማል? ጤፉን የሚፈልግ ነው ጎንበስ ብሎ አረሙን የሚነቅለው!

ጸሎት ላይስ? ከሰው የለቃቀምነውን ያማረ ቃል እናወርዳለን። እሱ የሚጠይቀን ግን የእኛን ነው። አንተ ምን ሰማህ? አንቺ የት ላይ አቃተሽ?

እናንተ ከበሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ፣ ሁልጊዜ ከቡራኬው በፊት ሹልክ የምትሉ፣ አውቃችኋለሁ። ዛሬ ትንሽ ቆዩ። ያማረ ቃል አትፈልጉ። «ጌታ ሆይ፣ ያጠፋሁት ይህን ነው» በሉት፣ በገዛ አፋችሁ። ከዚያ ቤታችሁ ግቡ። ዛሬ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደተኛችሁ በሚቀጥለው እሑድ ትነግሩኛላችሁ።